«ምን ነካው?» — መከራ ያየ ልጅና የክፍል ረዳቷ

መምህርቷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ስትጽፍ ጀርባዋ ለተማሪዎቹ ይሆናል። በዚያች ጊዜ ክፍሉን የሚጠብቁት የረዳት መምህርቷ ዓይኖች ናቸው። ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ቁርስ ሳይቀምስ እንደመጣ፣ ማን ከጠረጴዛ ሥር እንደገባ ቀድማ የምታየው እርሷ ናት። በመዋዕለ ሕፃናትና በአንደኛ ደረጃ የታችኛ ክፍሎች ረዳት መምህርት፣ በአንዳንዱ ቦታም ሞግዚት ተብላ የምትጠራው ይህች ሠራተኛ፣ ሥራዋ እርሳስ መቅረጽ፣ አፍንጫ መጥረግ፣ ልጆችን ማሰለፍና መጸዳጃ ቤት ማድረስ ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል።

ይሁንና ማንም በይፋ ሳይሰጣት ሌላ ከባድ ሥራ ተጨምሮባታል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነትና በሌሎችም አካባቢዎች የደረሱት ግጭቶች እጅግ ብዙ ሕፃናትን ከቤታቸው አፈናቅለዋል። በትግራይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ከተቋረጠ በኋላ ጦርነቱ ተደርቦበት ልጆች ለሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። በአማራና በአፋር ክልሎችም ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ተዘርፈዋል። ልጆች የሚማሩባቸው ክፍሎች ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች መጠለያ ሆነው እንደነበርም ይታወሳል።

መከራ ማለት ደግሞ ጦርነት ብቻ አይደለም። የቤት ቃጠሎ ያየ፣ እናቱን በሞት ያጣ፣ አባት እናትን ሲደበድብ እያየ ያደገ፣ ወይም ራሱ ጥቃት የደረሰበት ልጅም በሰላማዊ ከተማ፣ በሰላማዊ ሰፈር፣ ከእኛው ልጆች ጎን በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይማራል። እንዲህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲገባ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ማን ነው? ወላጆችስ ከዚህች ሠራተኛ ጋር ምን መሥራት ይችላሉ? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ይመለከታል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ

አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። አንድ ጊዜ በእባብ የደነገጠ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ልጥ ባየ ቁጥር ይዘላል ማለት ነው። የሕክምና ሳይንስ ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ ለሚመጣው ሕመም የዛሬውን መጠሪያ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ ነገሩን ግን አበው በአራት ቃላት ጨርሰውታል።

የሰው አካል አደጋ ሲያይ ራሱን ለማዳን ይዘጋጃል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል። አካል ለመሸሽ ወይም ለመታገል ሲዘጋጅ ደግሞ ረጋ ብሎ ማሰብና ማመዛዘን ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሕይወት የሚያድን የተፈጥሮ ስጦታ ነው። ችግሩ የሚመጣው አደጋው ካለፈ በኋላም አካል «አልፏል» የሚለውን ማመን ሲያቅተው ነው። ነፋስ በሩን ሲያላጋው፣ ቆርቆሮ ጣሪያው ሲንኳኳ፣ ለእረፍት ደወል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል፣ በመስቀል ሰሞን ርችት ሲተኮስ ሌላው ልጅ ይስቃል፤ መከራ ያየው ልጅ ግን ልጡ እባብ ይሆንበታል።

በክፍል ውስጥ ይህ በልዩ ልዩ መልክ ይታያል። አንዱ ልጅ ትንሽ ሲነኩት ይማታል፣ ይሳደባል፣ ደብተር ይቀዳል። ሌላው ተነሥቶ ይሮጣል ወይም በሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም ይላል። ሦስተኛዋ ደግሞ አታለቅስም፣ አትሮጥም፤ ዓይኗ መስኮት ላይ ተተክሎ ትቀራለች፣ ስሟ ሲጠራም አትሰማም። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የምትረሳው ይህችኛዋ ናት። ክፍል ስለማትረብሽ «ጨዋ ልጅ» ተብላ ትመሰገናለች እንጂ የጠየቃት የለም።

ከዚህም ሌላ የሆድና የራስ ሕመም የሚያዘወትር፣ ሌሊት እየባነነ ቀን ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ ማንበብ ለምዶ ሳለ የረሳ፣ ዕድሜው ካለፈ በኋላ ልብሱ ላይ የሚሸና ልጅ ይኖራል። እነዚህ ምልክቶች በሌላ በሽታም ሊመጡ ስለሚችሉ በአንድ ቀን አይተው መፍረድ አይገባም። ብዙ ልጆችም ሰላም፣ ምግብ፣ የሚወዳቸው ሰውና የተለመደ የዕለት ኑሮ ሲያገኙ ያለ ሐኪም ቀስ በቀስ ያገግማሉ። ረዳት መምህርቷ የምታስፈልገው እንግዲህ ለዚሁ ነው።

የቁጣ ጥያቄና የእውነት ጥያቄ

ልጅ ሲያስቸግር በቋንቋችን የምንለው «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የምንለው በቁጣ ነው፤ መልስም አንጠብቅበትም። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ግን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አይገኝም። በእርግጥም የነካው ነገር አለ። ባለጌ የሚመስለው ልጅ የሚከላከለው እኛ የማናየውን ነገር ሊሆን ይችላል። የረዳት መምህርቷ ሙያ መጀመሪያው ይህንኑ ጥያቄ ያለ ቁጣ መጠየቅ ነው። መጠየቅ ሲባልም ልጁን መመርመር ማለት አይደለም፤ ለራሷ መጠየቅና ዓይኗን ከፍታ ማየት ነው። ሁልጊዜ ከእረፍት በኋላ ነው የሚጣላው? የሚያለቅሰው ወንድ ድምፅ ከፍ ሲል ነው? ዓርብ ዓርብ ለምን ይከፋዋል? እንዲህ እያለች በአንዲት ትንሽ ደብተር ቀኑንና ሰዓቱን ብትመዘግብ በሁለት ሳምንት ውስጥ መምህርቷም እናትየዋም ያላስተዋሉት ነገር ሊታያት ይችላል።

ከለንደን የተገኘ ትምህርት

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ለንደንን ሲደበድቡ፣ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም የተባሉ ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1941 በሐምፕስቴድ ሰፈር ለሕፃናት ማቆያ ቤት ከፈቱ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሙያውን እዚያው በሥራ ላይ የተማሩ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዚያ የተገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ለብዙዎቹ ሕፃናት ከቦምቡ ጩኸት ይልቅ የከበዳቸው ከእናት መለየት ነበር። እናቱ አጠገቡ ሆና የማትሸበር ልጅ የአየር ድብደባውን ይችለው ነበር፤ የተለየ ልጅ ግን በጸጥታው ቦታም ሰላም አልነበረውም።

በመጀመሪያ ሁሉም ሠራተኞች ሁሉንም ልጆች በጅምላ ይንከባከቡ ነበር። ኋላ ግን ልጆቹ በትንንሽ «ቤተሰብ» ተከፋፍለው እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ተንከባካቢ እንዲኖረው ተደረገ። ውጤቱ መጀመሪያ ላይ የሚያስደነግጥ ነበር። ጸጥ ያሉ የነበሩት ልጆች ተንከባካቢያቸው ከክፍሉ በወጣች ቁጥር ያለቅሱ፣ ይቀናኑ፣ ቀሚሷን ይዘው አንለቅም ይሉ ጀመር። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን ልቅሶው ጋብ አለ፤ ልጆቹም በንግግርም በጠባይም እየተሻሻሉ ሄዱ።

ይህ ለዛሬዋ ረዳት መምህርት ትልቅ ማጽናኛ ነው። ለወራት ዝም ያለ ልጅ እርሷን ካመናት በኋላ ማልቀስና ማስቸገር ቢጀምር ሥራዋ ተበላሸ ማለት አይደለም። ልጁ የሚያለቅስለት ሰው አገኘ ማለት ሊሆን ይችላል።

ከጠዋት እስከ ማታ

ታዲያ ረዳት መምህርቷ በቀን ውስጥ ምን ታደርጋለች? ነገሩ ረቂቅ አይደለም፤ ጥንቃቄና ጽናት ግን ይፈልጋል።

ጠዋት በር ላይ ትቀበለዋለች፤ በስሙ ትጠራዋለች። በየቀኑ ያው ሰላምታ፣ ያው ፈገግታ መሆን አለበት። ብዙ ነገር በድንገት የተለዋወጠበት ልጅ የሚያርፈው በማይለዋወጥ ነገር ላይ ነውና። የሚቀመጥበትን ቦታ ከመምህርቷ ጋር ትመርጥለታለች። ከኋላው ሰው የማያልፍበት፣ በሩን ማየት የሚችልበት ቦታ ለብዙዎች ይስማማል። የዕለቱ ፕሮግራም በሥዕል ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማንበብ ያልጀመረውም ልጅ ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። ደወል ሊደወል ሲል፣ እንግዳ ሰው ሊገባ ሲል፣ እርሷ ራሷ ነገ የማትመጣ ሲሆንም አስቀድማ ትነግረዋለች።

ልጁ ሲገነፍል ደግሞ ከሁሉ በፊት የራሷን ድምፅ ዝቅ ታደርጋለች። ሌሎቹን ልጆች ፈቀቅ ታደርጋለች። ከላይ ሆና አታየውም፤ ዝቅ ብላ ከጎኑ እንጂ ከፊቱ አትቀመጥም፤ በሩንም አትዘጋበትም። ከኋላ ሄዳ አትይዘውም። በዚያን ሰዓት ምክር አይሰማምና ቃሏ አጭር ነው፤ «አይዞህ፣ አለሁ» ብትለው ይበቃል። ትንሽ በረድ ሲል ውኃ ትሰጠዋለች፤ ትኩስ አጥሚት እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብሎ ረጅም ትንፋሽ እንዲያወጣ አብራው ትተነፍሳለች፤ እግሮቹን መሬት ላይ አስረግጦ በዙሪያው የሚያያቸውን አምስት ነገሮች እንዲጠራላት ትጠይቀዋለች። ይህ የልጁ አካል «አሁን ያለሁት እዚህ ነው» የሚለውን እንዲያውቅ ይረዳዋል።

«ይህማ ማሞላቀቅ ነው፤ እኛ በአለንጋና በኩርኩም አድገን የለም ወይ?» የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ። ማሞላቀቅ አይደለም። ልጁ የበተነውን ከረጋ በኋላ ከረዳቷ ጋር ይለቅማል፤ የመታውን ጓደኛውን ይቅርታ ይጠይቃል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። ልዩነቱ ፍርዱ የሚመጣው ልጁ መስማት በሚችልበት ሰዓት መሆኑና ውርደት የሌለበት መሆኑ ነው። አስቀድሞ የተደበደበን ልጅ መደብደብ ዓለም ሁሉ ጠላቱ እንደሆነ ማረጋገጥ ብቻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ማንበርከክና ኩርኩም የልማድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆኑ የሕግም ጉዳይ ናቸው።

ጨዋታም መድኃኒት ነው። ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልልቦሽ፣ ገመድ ዝላይ፣ በጭብጨባ የሚታጀቡ ዘፈኖች ምት አላቸው፤ ምት ደግሞ የተወጠረ አካልን ያረጋጋል። ድብብቆሽ በተለይ አስደናቂ ጨዋታ ነው፤ የጠፋ ሰው ተመልሶ እንደሚገኝ በሳቅ ያስተምራልና። ሆኖም መደበቅ ክፉ ነገር የሚያስታውሰው ልጅ ካለ አይገደድም፤ ቆጣሪ ወይም ዳኛ ሆኖ ይጫወታል።

ረዳቷ የማታደርገው

ማድረግ የሌለባትን ማወቅም የሥራዋ ግማሽ ነው።

አንደኛ፣ ልጁን «ምን አየህ? ማን ሞተብህ?» እያለች አታስለፈልፈውም። ራሱ ሊነግራት ሲፈልግ ግን ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች፤ ስለነገራትም ታመሰግነዋለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ ሦስት ነገሮችን ያዛል፤ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። መመርመር ከሦስቱ ውስጥ የለም።

ሁለተኛ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላ ቃል አትገባም። ልጁ አሁንም እየተደበደበ ወይም ጥቃት እየደረሰበት ከሆነ ሊያስቆም ለሚችል ሰው መንገር ግዴታዋ ነው። «የምነግረው አንተን ሊረዳ ለሚችል ሰው ብቻ ነው» ብትለው እውነቱ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ የሰማችውን በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በታክሲ ወረፋ፣ በቡና ላይ አታወራም። የአንድ ልጅ ቁስል የሰፈር ወሬ ከሆነ ያ ልጅ ዳግመኛ ሰው አያምንም።

አራተኛ፣ ልጁን «ተፈናቃዩ» እያለች አትጠራውም፤ ሌሎች ልጆች በትውልድ ቦታው ወይም በአነጋገሩ ሲያሾፉበትም ዝም አትልም። ከየትም ይምጣ፣ ክፍሉ ውስጥ እርሱ ተማሪ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው «ደኅና አደርክ» ማለትን ብትማር ደግሞ ከብዙ ምክር የበለጠ ትሠራለች።

«አባቴ መቼ ነው የሚመጣው?»

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም። በአገራችን ሞትን ከልጅ መደበቅ የቆየ ልማድ ነው። ልጁ እንዳይጎዳ በማሰብ «አባትህ ውጭ አገር ሄዷል» ይባላል። ቤቱ ውስጥ ግን እናት ጥቁር ለብሳለች፣ ጎረቤት ይንሾካሾካል፣ ሰው በገባ ቁጥር ይለቀሳል። ልጅ የማይሰማ ይመስለናል እንጂ ሁሉን ይሰማል። እውነቱን ያልተነገረው ልጅ በየቀኑ በር በሩን ያያል፤ ወይም «ጥሎኝ የሄደው ስላጠፋሁ ነው» ብሎ ራሱን ይከስሳል። ከዚያ የክፍል ጓደኛው በጠብ መካከል «አባትህ ሞቷል እኮ!» ይለዋል። ከዚህ የከፋ መርዶ የለም።

ረዳት መምህርቷ በዚህ ጊዜ አትዋሽም፤ ግን መርዶ ነጋሪም አትሆንም። መርዶው የቤተሰብ ነው። «አባትህ ናፈቀህ?» ብላ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ በዚያኑ ዕለት እናትየዋን ለብቻዋ ታነጋግራለች። እናቶችም ለልጁ ዕድሜ በሚመጥን ግልጽ ቃል፣ በሚወደው ሰው አንደበት፣ በቀን ሰዓት እውነቱ ቢነገረው መልካም ነው። «ተኝቷል» ማለትም አይገባም፤ ልጁ መተኛት ሊፈራ ይችላልና። ከተነገረው በኋላ ትምህርት ቤቱ እንዲያውቅ ማድረግ አይረሳ።

እናትና ረዳት መምህርት

ልጁ ቀኑን ከረዳቷ፣ ሌሊቱን ከእናቱ ጋር ያሳልፋል። ሁለቱ ካልተነጋገሩ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ግማሹን ብቻ ነው። ለሥራ የምትሮጥ እናት ረጅም ስብሰባ ላትችል ትችላለች፤ ጠዋት በር ላይ «ትናንት ሲባንን አደረ» ብሎ መንገር ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ረዳቷም ማታ የምትነግረው ክስ ብቻ መሆን የለበትም፤ «ዛሬ አንድ ገጽ አነበበ» የሚል ቃልም ይጨመርበት።

በቤት ውስጥ የመኝታ ሰዓትን ማጽናት፣ የጦርነትና የአደጋ ምስል በቴሌቪዥንና በስልክ ሲታይ ልጅን ማራቅ፣ ከመኝታ በፊት ተረት ማውራት ይረዳል። እናትየዋ ራሷ ያንኑ መከራ ያየች ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለች እናት ለራሷ ርዳታ መጠየቋ ለልጇ የምታደርግለት ትልቅ ነገር ነው።

የልጁ ሁኔታ ከአንድ ወር በላይ ካልተሻሻለ፣ መብላትና መተኛት ካቃተው፣ ራሱን ከጎዳ ወይም ስለ መሞት ከተናገረ ግን የረዳቷም የእናትም ሥራ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ራሱን ለጎዳ ወይም ስለ መሞት ለሚናገር ልጅ ወር አይጠበቅም፤ በዚያኑ ቀን መሄድ ያስፈልጋል። ጸበልና ጸሎት የሚወስድ ቤተሰብም ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል።

ረዳቷንስ ማን ይረዳታል?

የሌላውን ጭንቀት ቀን በቀን የሚሸከም ሰው እርሱም ይደክማል። ልጁ የነገራት ነገር ሌሊት የሚመጣባት፣ ቤቷ ስትገባ የራሷን ልጆች የምትቆጣ፣ ጠዋት መነሣት የሚከብዳት ረዳት መምህርት ደካማ ሠራተኛ አይደለችም፤ ከአቅሟ በላይ የተሸከመች ናት። በትምህርት ቤቱ የደመወዝ መዝገብ ስሟ ከታች ከሚጻፉት መካከል መሆኑ ድካሟን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ ትምህርት ቤቶች ሸክሙን ሊያካፍሉላት ይገባል። የሚያስቸግሩ ልጆችን ሁሉ በአንድ ክፍል ሰብስቦ ለእርሷ መስጠት ተገቢ አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ ከመምህርቷና ከርእሰ መምህሩ ጋር ተቀምጣ የያዘችውን የምትናገርበት ሰዓት፣ ልጅ ገንፍሎ ካረጋጋች በኋላ አሥር ደቂቃ የምታርፍበት ፈቃድ፣ ሥልጠና ሲመጣም መምህራን ብቻ ሳይሆኑ እርሷም የምትጠራበት አሠራር ያስፈልጋል። ከነዚህ አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 39፣ በጦርነትና በጥቃት የተጎዳ ሕፃን በአካልም በመንፈስም እንዲያገግም መንግሥታት አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ይህ ታላቅ ቃል በአንድ ክፍል ውስጥ ሲፈጸም የምናየው በትንሽ ወንበር ላይ ከልጁ ጎን በተቀመጠች ሴት አማካይነት ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ ልጃችሁን ስታደርሱ የመምህርቷን ስም እንደምታውቁ ሁሉ የረዳቷንም ስም ጠይቁ። ልጃችሁ ያየው መከራ ካለ በአጭሩ ንገሯት። ልጃችሁ ምንም ያላየ ከሆነም ከጎኑ የሚቀመጠው ጓደኛው ሊኖር ይችላልና፣ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ «ረዳት መምህርቶቻችን ለዚህ ሥራ ሥልጠና አግኝተዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።